ጀሪካኑ፣ ክኒኑና ጠያቂው

ላምበረት መናኸሪያ ጎህ ሲቀድ የደረሰ ሰው መንገደኛውን በያዘው ዕቃ ሊለየው ይችላል። ሻንጣና ማዳበሪያ የተሸከመው ለሥራ፣ ለገበያ ወይም ለለቅሶ ወደ ደብረ ብርሃንና ደሴ የሚሄድ ነው። ባዶ ቢጫ ጀሪካን ያንጠለጠለው ግን የጸበል መንገደኛ ነው፤ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሌላ የሰሜን ሸዋ ጸበል ሊደርስ የተነሣ። አጠገቡ ጋቢ ተከናንቦ ግድግዳ የተደገፈ፣ የረዳቱ ጩኸት የማይሰማው የሚመስል ሌላ ሰው አይጠፋም። ታማሚው እሱ ነው። ጀሪካኑን የያዘው አስታማሚው ነው።

ከዚያ ብዙ በማይርቀው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ሌላ ጀሪካን አለ። ከሐጅና ከዑምራ የተመለሱ ሰዎች ዘምዘማቸውን በጋሪ እየገፉ ይወጣሉ፤ ቤት የሚጠብቅ ሕመምተኛ ካለ የመጀመሪያው ጉንጭ የእሱ ነው። በዚያው ሕንፃ በመነሻው በኩል በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጡ፣ የራጅና የምርመራ ወረቀት የታጨቀበት ፖስታ ጭናቸው ላይ ያደረጉ ሰዎች ወደ ባንኮክ፣ ወደ ዴልሂ፣ ወደ ኢስታንቡል ይበራሉ። ፖስታው ውስጥ የምርመራ ውጤት አለ፤ አንገታቸው ላይ ማተብ አለ፤ የእጅ ቦርሳቸውን ለከፈተ ደግሞ በላስቲክ የተቋጠረ እምነት፣ ጥቁር አዝሙድ ወይም ማር አይጠፋም።

«ጸበል ይሻላል ወይስ ሐኪም?» የሚለውን ክርክር ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። በታክሲ ውስጥ፣ በለቅሶ ቤት፣ በሬዲዮ። አሁን አሁን ክርክሩ ራሱ ከእውነተኛው ኑሮ ውጭ የቆመ ይመስለኛል። አንዱን ብቻ መርጦ የያዘ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ሁሉም ሁሉንም ይሞክራል፤ ግን ሐኪሙ ስለ ጸበሉ አያውቅም፣ አጥማቂው ስለ ክኒኑ አይጠይቅም፣ ሥር ማሹ ለሁለቱም አይናገርም፣ ጠያቂው ደግሞ ሙዙን ይዞ ከች ይላል። የእነዚህ ሁሉ አገናኝ አስታማሚው ብቻ ነው፤ እሱም የሚያውቀውን ግማሹን ይደብቃል።

ይህን የምጽፈው በሩቅ አይቼ አይደለም። አክስቴ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ዳሰሳው ሰፊ ቢሆንም ደጋግሜ ወደ እሷ ደረጃ መመለሴ አይቀርም።

«መድኃኒት» የሚለው ቃል ራሱ የተወሳሰበ ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም ካቴድራል አካባቢ የሚሄድ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ፋርማሲዎቹ ያለውን መንገድ ሲሻገር ከአንድ የቃል ግንድ ወደ ሌላው ቅርንጫፍ እየተሻገረ ነው። መድኃኔዓለምም መድኃኒትም የሚወጡት ከግእዙ «ድኅነ» ነው። «ዳነ» ስንል ከወባ የተነሣውንም ከኃጢአት የተረፈውንም እኩል እንጠራበታለን። «እግዚአብሔር ይማርህ» ስንል በሽታውን እንደ ፍርድ፣ መዳኑን እንደ ምሕረት ቆጥረን ነው። ሙስሊሙ «አላህ ያሽርህ፣ አፊያ ያድርግህ» ይላል፤ ጴንጤው «ጌታ ይፈውስህ»። በሌላ በኩል «መድኃኒት አዞረበት»፣ «መድኃኒት አቀመሰችው» ሲባል ያው ቃል መርዝና ድግምት ይሆናል። የሐኪሙን፣ የካህኑንና የጠንቋዩን ሥራ በአንድ ቃል የምትጠራ ቋንቋ ይዘን ሕዝቡ ሦስቱን ለምን አይለይም ብሎ መቆጣት ትንሽ ይከብዳል።

ከሆስፒታሎቻችንም ብዙዎቹ ስማቸውን ያገኙት ከዚያው ከእምነት ቃል ነው። ቅዱስ ጳውሎስ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ፣ አማኑኤል፤ በዚህ በአዲስ አበባ ምሥራቅ በኩል ቅዱስ ገብርኤል። የሐያት ሆስፒታል ስም በዐረብኛ ሕይወት ማለት ነው። ገርጂ የሚገኘውን፣ ሰው ሁሉ «ኮሪያ ሆስፒታል» የሚለውን የሕክምና ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2004 የከፈተው ሴኡል ያለው የሚዮንግ ሰንግ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ሃይማኖት፣ ቅጠልና ሕክምና በአንድ ጊዜ አደባባይ የወጡበትን ጊዜ ለማስታወስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ሲነገር፣ ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በዚሁ በምሥራቁ በኩል ነው። ለአእምሮ ሕክምና ታስቦ የተሠራው የካ ኮተቤ ሆስፒታል የኮሮና ማከሚያ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ቦሌ ያለው ሚሊኒየም አዳራሽ፣ ዘፋኝ የምናይበትና ባዛር የምንዞርበት አዳራሽ፣ የሕሙማን አልጋ ተደረደረበት። ገበያው ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ዋጋቸው ሰማይ ወጣ። ፌጦ የማይወድ ሰው ፌጦ በላ። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ መታጠን የቤት ሁሉ ሥራ ሆነ። በዚያው መጋቢት ወር ባለሥልጣናት ከአገር በቀል ዕውቀት የተቀመመ መድኃኒት መሠረታዊ የምርምር ደረጃውን አለፈ ብለው መግለጫ ሰጡ፤ ሕዝቡ ደስ አለው፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ድምፁ ጠፋ። የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ የአንድ ወር ጸሎት አወጀና የሁሉም እምነት አባቶች በቴሌቪዥን በየተራ ጸለዩ። ካህናት በየመንደሩ እጣን እያጠኑ ዞሩ። ጀሪካንም ሦስተኛ ሥራ አገኘ፤ ቧንቧ ተገጥሞለት በየሱቁና በየባንኩ በር ላይ ከሳሙና ጋር ታሰረ።

ከዚያ ጊዜ እኔ ውስጥ የቀረው ግን ነጭ ሽንኩርቱም ጀሪካኑም አይደለም። ታማሚን አትጠይቁ መባላችን ነው። ጎረቤት ታሞ አለመጠየቅ ነውር የሆነብን ሰዎች፣ በሽተኛው ቀይ መስቀል በተጻፈበት መኪና ሲወሰድ በመስኮት አየን። ማዕድ ማጋራት የሚባለው ነገር በዚያው ሰሞን ተስፋፋ፤ አከራይ የቤት ኪራይ ማረ፤ ወጣቶች ዱቄትና ዘይት እየሰበሰቡ አከፋፈሉ። ያ ሁሉ ደግነት እውነት ነው። ግን ሁለት ሜትር ርቆ የሚደረግ ደግነት ነበር፤ በእኛ አገር ደግሞ ደግነት አልጋ ጠርዝ ላይ ካልተቀመጠ የተደረገ አይመስልም።

ጸበልና ክኒን በግልጽ የተጋጩበትን ታሪክ ለመንገር ግን ከምሥራቁ ወደ እንጦጦ መውጣት ግድ ነው። ኤች አይ ቪ አገሩን ባጠቃበት ዘመን የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መጠጊያ ነበር። ተራራው ላይ ትንንሽ ቤት ተከራይተው፣ ጠዋት ጠዋት ተጠምቀው፣ እምነት ተቀብተው ለወራት የሚኖሩ ነበሩ። ያን ጊዜ እነሱን ሞኝ ማለት ግፍ ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት አገር ውስጥ ሲገባ በክፍያ ነበር፤ አብዛኛው ሕዝብ ሊደርስበት የሚችለው ነገር አልነበረም። ሐኪም ቤት ሄዶ የሚያገኘው ነገር የሞት ዜና ብቻ ከሆነ ሰው ለምን ተራራ አይወጣም?

ችግሩ የመጣው በ1997 ዓ.ም መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ነው። «ጸበል እየጠጡ ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። መድኃኒቱን ተቀብሎ የጣለ፣ ጀምሮ ያቋረጠ ነበር። የዚህ መድኃኒት ጠባይ ደግሞ ማቋረጥን አይወድም፤ አንዴ ጀምሮ የተወ ሰው ውስጥ ቫይረሱ ተላምዶ ሊመለስና መድኃኒቱን ሊያሸንፈው ይችላል። በ1999 ዓ.ም ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው መሄድ ይችላሉ ብለው በይፋ ሲናገሩ ብዙ ሰው እፎይ አለ። የጸበሉን ኃይል አንድ ቃል አልቀነሱም። የሰረዙት «ተው» የሚለውን ብቻ ነው።

ዳሰሳዬን ሁሉ ጠቅልዬ አንድ ነጥብ ላይ አስቀምጥ ብባል እዚህ ላይ ነው የማስቀምጠው። ጸበል መጠመቅ ሰው ሲገድል አላየሁም። ዱዓ ማስደረግ፣ ሩቅያ ማስቀራት፣ እጅ ተጭኖ መጸለይ እንደዚያው። ጉዳቱ የሚጀምረው አንዱ ሌላውን «ተው» ባለ ጊዜ ነው። መድረክ ላይ ሕመምተኛ አቁሞ «ተፈውሰሻል፣ ክኒንሽን ጣይ» የሚል ነቢይ ያንን ቃል ይናገራል። ከስኳር መድኃኒት ይልቅ የእኔን ዱቄት ውሰዱ የሚል የቲክቶክ ሻጭም ይናገረዋል። አንዳንዴ ሐኪሙም ይናገረዋል። አክስቴን የወሰድኩበት አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ወጣቱ ሐኪም አንገቷ ላይ የጸበል አመድ አይቶ «ይሄንን ኋላ ቀርነት ትታችሁ ኑ» አላት። እሷ ምንም አልመለሰችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሐኪም ቤት ስትሄድ አንገቷን ትጠርጋለች፤ የምትጠጣውንም አትናገርም። ሰውዬው አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ስለ ታካሚው ሊያውቅ የሚገባውን ነገር ሁሉ አጣ።

ለኩላሊት ሕመምተኛ ደግሞ የሚጠጣው ነገር የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። እጥበት ላይ ያለ ሰው ሽንቱ ስለሚቀንስ ወይም ስለሚቆም የጠጣው ውኃ የትም አይሄድም፤ እግሩን ያሳብጣል፣ ሳንባው ላይ ይጠራቀማል። ሐኪም በቀን የሚፈቅድለት በብርጭቆ የተቆጠረ ነው። ጸበል ደግሞ በጀሪካን ነው የሚጠጣው፤ ሊትር በሊትር፣ እስኪያስመልስ ድረስ። አክስቴ ጸበል በወሰዷት በመጀመሪያው ሳምንት ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት ተመለሰች። በሁለተኛው ጉዞ አብሬያት ሄድኩና አጥማቂውን ለብቻቸው አነጋገርኳቸው። እንደሚቆጡኝ ጠብቄ ነበር። «ልጄ፣ ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?» አሉ። «ትረጫለች፤ ለመጠጡ ግን አንዲት ሲኒ ይበቃታል። ጸበል በሊትር አይለካም።» ሐኪሙም የሚለው ያንኑ ነበር፤ ሲኒውን ብቻ ከቀኑ ልኬት ላይ አስቀነሰ። በሁለቱ መካከል ሳምንት ሙሉ የተመላለስኩት እኔ ነኝ።

አእምሮን በተመለከተ ይህ የሐኪምና የአጥማቂ ንግግር ከግለሰብ አልፎ ሥርዓት እስከመሆን የደረሰበት ቦታ አለ፤ እሱም እንጦጦ ነው። በአገራችን የአእምሮ ሕመም የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ጸበል ነው፤ ይህን የሥነ አእምሮ ሐኪሞቻችን ራሳቸው ደጋግመው ጽፈዋል። ጸበል ቦታ ላይ በሰንሰለት ታስሮ የሚውል ሰው ያየ ሁሉ ያውቀዋል። እንጦጦ ማርያም አካባቢ ሐኪሞችና የጸበል አገልጋዮች ተስማምተው ሕመምተኛው ሳይባረር፣ ጥምቀቱን ሳይተው መድኃኒት የሚያገኝበት ክሊኒክ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ስለዚሁ ጥምረት በእንግሊዝ የሥነ አእምሮ መጽሔት ላይ ጥናት ወጥቷል። እኔን የሳበኝ የክኒኑ ነገር አይደለም። ሐኪሙ ወደ ጸበሉ መሄዱ ነው። እኛ የለመድነው ታማሚው ከአንዱ ወደ ሌላው እየሮጠ ሲደክም ማየት ነበር።

ወደ ቅጠሉ ልግባ፤ እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ዳማከሴ ጨምቆ ለምች፣ ጦስኝ በሻይ ለጉንፋን፣ ጤና አዳም በቡና ለሆድ ቁርጠት የማያውቅ አበሻ የለም። ከእነዚህ ጋር ጠብ የለኝም፤ ምች ሲመታኝ እኔም ዳማከሴ ነኝ። አገር በቀል ዕውቀት ሲመረመር ምን ሊወጣው እንደሚችል ለማየት ደግሞ እንዶድ ይበቃል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት የወንዙ ክፍል ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ፤ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች የሚገድል ተክል በእናቶች እጅ እንደነበረ ለዓለም አሳዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ከጥንት የቻይና መድኃኒት ቅጠል የወባ መድኃኒት አውጥታ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝታለች፤ ዛሬ አገራችን ውስጥ ወባ የያዘው ሰው የሚውጠው ኮአርተም ከዚያ የመጣ ነው።

ግን ሁለቱም ታሪኮች ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ መጠን። ቅጠሉ ተለክቶ፣ መርዙ ተፈትሾ፣ የት እንደሚሠራና የት እንደማይሠራ ታውቆ ነው መድኃኒት የሆነው። ኮሶን እንመልከት። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ እየጠጡ ትላቸውን አስወጥተውበታል፤ ይሠራ ነበር። ሲበዛ ግን ዓይን ያጠፋል፤ ይህንንም አያቶቻችን ያውቁ ነበር፤ ይጠነቀቁም ነበር። ዛሬ በየአስፋልቱ ዳር «ለስኳር፣ ለደም ብዛት፣ ለኩላሊት፣ ለጉበት» ተብሎ በአንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ቅይጥ ግን አያቶቻችን ያላቸው ጥንቃቄ የለውም፣ ላቦራቶሪ ያለውም ጥንቃቄ የለውም። ሁለቱን ባሕሎች አጥቷል ማለት ነው። የደከመ ኩላሊት ላለው ሰው ያልታወቀ ቅይጥ መስጠት ደግሞ በጨለማ ድንጋይ መወርወር ነው።

ወጌሻም እንዲሁ ነው። ወለምታ ሲያሽ ጥበብ አለው፤ የእግር ኳስ ሜዳ ላይ ሮጦ የሚገባውን ባለሙያ ሳይቀር በስሙ የምንጠራው ያለ ነገር አይደለም። የልጅ የተሰበረ አጥንት በቀርከሃ አጥብቆ ሲያስር ግን ደም ይቋረጣል፣ ጣቱ ይጠቁራል፣ ልጁ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚደርሰው እግሩ ሊቆረጥ ነው። የአጥንት ሐኪሞቻችን ይህን እያዘኑ የጻፉት ብዙ ነው። ወጌሻውን ከልጁ ጣት ቀለም ጋር ያስተዋወቀው ቢኖር ኖሮ፣ ማሰሪያውን በጊዜ ቢያላላ ኖሮ፣ ግማሹ ጉዳት አይኖርም ነበር።

በካንሰር ረገድ «ተው» ምን ያህል እንደሚያስከፍል የተቆጠረም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ሊድን የሚችል ካንሰር ይዟቸው መደበኛውን ሕክምና ትተው አማራጩን ብቻ የመረጡ 281 ሰዎችን ሕክምና ከወሰዱ ሰዎች ጋር ሲያነጻጽር፣ የሞት አደጋቸው ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል በልጦ ተገኝቷል። አሜሪካኖቹ ይህን የመረጡት ብዙ ማሽን ባለበት አገር ነው። እኛ ጋ እ.ኤ.አ. በ1997 ጥቁር አንበሳ የገባችው አንዲት የጨረር ማሽን ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ ነበረች። ወረፋ ለወራት የሚጠብቅ ሰው ቅጠል ቢቅም እሱን ከመውቀስ በፊት ወረፋውን መመልከት ይገባል።

ጸሎት በሽታ ይፈውሳል ወይ የሚለውንም በቁጥር ሊይዙት የሞከሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ትልቁ ሙከራ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው 1,802 ሰዎችን በሦስት ከፍሎ ለአንዳንዶቹ እንግዳ ሰዎች እንዲጸልዩላቸው አደረገ። ለውጥ አልታየም፤ እንዲያውም እየተጸለየላቸው መሆኑን ያወቁት ላይ የተወሰነ ችግር በዛ፤ 59 በመቶ በ52። አንዳንዱ በዚህ ይሳለቃል። እኔ ግን ሙከራው እኛ ጸሎት የምንለውን ነገር ለካ አይመስለኝም። እኛ ዘንድ የሚጸልየው ሰው የማይታወቅ ሰው በሌላ ከተማ ተቀምጦ ስም ከወረቀት እያነበበ አይደለም። እናት ናት፤ አልጋው ሥር ተንበርክካ፤ እግሩን እያሸች። ጸሎቱንና እጁን ለያይቶ መለካት ማለት ወጡንና እንጀራውን ለየብቻ አብልቶ ስለ ምሳው አስተያየት እንደመጠየቅ ነው።

እጁን ለይቶ የለካ ጥናት ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ፣ 148 ጥናቶችን፣ ከ300,000 በላይ ሰዎችን አንድ ላይ ያየ ሥራ፣ ሰው ያላቸው ሰዎች ብቸኞች ከሆኑት ይልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው 50 በመቶ ያህል ከፍ እንደሚል አሳይቷል። በዚያው ዓመት ስለ ሳንባ ካንሰር ታማሚዎች የወጣ ሌላ ጥናት፣ ከመደበኛው ሕክምና ጋር ገና ከጅምሩ የማስታገሻና የማጽናኛ ክብካቤ ያገኙት ሁለት ወር ከግማሽ በላይ ረዝመው መኖራቸውን አሳይቷል። አንዳንድ ውድ የካንሰር መድኃኒት ይህን ያህል አይጨምርም። ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 የመሠረተችው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ በየሰው ቤት እየዞረ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ሕመም ማስታገስ፣ ቁስል ማጠብ፣ ቁጭ ብሎ ማውራት።

ደግነትም ቢሆን ግን ያለ ልኬት ሲሰጥ ያቆስላል፤ ይህን ለመናገር ትንሽ እፈራለሁ፤ ሰዎቹ ደጎች ናቸውና። የአክስቴን ቤት የሚጠይቅ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። ሙዝ ይመጣል፣ ብርቱካን ይመጣል፣ ጁስ ይመጣል። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው ሰውነት ደግሞ ፖታሲየም ማስወጣት ይሳነዋል፤ ሙዝና ብርቱካን ደግሞ ፖታሲየም የሞላባቸው ናቸው፤ ሲከማች ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። በአንድ እሑድ ጠረጴዛዋ ላይ የቆጠርኩት ሙዝ ለሁለት ጤነኞች እንኳ ይበዛል። «አታብሉኝ» ማለት አትችልም፤ «አንድ ስለ እኔ ስትይ» ሲሏት ትበላለች። በመጨረሻ ልጇ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈ፦ ሙዝና ብርቱካን ለልጆቹ ይሰጥ፤ ለእናታችን ጨዋታ ይበቃል። ሰው መጀመሪያ ተቀየመ። ቆይቶ ተላመደ፤ አሁን ሳሙናና የልብስ ማጠቢያ ይዘው ይመጣሉ።

ሌላው ደግነት መደበቅ ነው። ካንሰር የተገኘበትን አባት «ጨጓራ ነው» ብሎ ማስታመም እኛ ዘንድ ፍቅር ነው። መርዶ እንኳ በሌሊት፣ በዘመድ ተከቦ፣ ቀስ ተብሎ የሚነገርበት አገር ነው። ነገር ግን ሰውየው ባላወቀው በሽታ ጉዳይ ሊወስን አይችልም፤ ኑዛዜውን አይናገርም፣ ንስሐውን በጊዜው አይገባም፣ የተጣላውን አይታረቅም። ከሁሉም የሚያሳዝነው ብዙውን ጊዜ ማወቁ ነው፤ ቤተሰቡ ከእሱ ሲደብቅ እሱ ደግሞ ማወቁን ከቤተሰቡ ይደብቃል።

የገንዘቡም ደግነት መልክ ብዙ ነው። መገናኛ አደባባይ ዳር የሕመምተኛ ትልቅ ፎቶ የተለጠፈበት መኪና፣ ድምፅ ማጉያ፣ ካርቶን የያዙ ወጣቶች፤ የሕክምና ቦርድ ወረቀት በላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቅሏል። አንዳንዱ አታላይ ነው፤ ይህ ይታወቃል። አብዛኛው ግን እውነት ነው፤ አውቶቡስ ለመሳፈር የያዘውን ሳንቲም ጥሎ በእግሩ የሚሄድ ተማሪ አይቻለሁ። በ2017 ዓ.ም ለመቄዶንያ በዩቲዩብ በቀጥታ ስርጭት የተደረገው ልመና በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ሲሰበስብ ሕዝቡ እንቅልፍ አጥቶ ቁጥሩን ተመልክቷል። መቄዶንያን ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም ከወላጆቹ ግቢ ጀመረው፤ አያት አካባቢ ያለው ማዕከሉ አሁን በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ይዟል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ይላሉ። ለቀጥታ ስርጭቱ ገንዘብ የላኩትን አደንቃለሁ። እኔ ራሴን የምጠይቀው ግን በማግስቱ ጠዋት ራሱን መቆጣጠር የማይችለውን ሽማግሌ ማን አጠበው ነው። እዚያ ለሦስት ሰዓት የቆምኩባት አንዲት ቅዳሜ ጓንት ያደረጉ ወጣት ልጆች፣ ገሚሶቹ ራሳቸው ከጎዳና የተነሡ፣ ሳይጸየፉ ሲያጥቡ አየሁ። ካሜራ አልነበረም።

ከግል ሐዘን ተነሥተው ለሌላው በር የከፈቱም አሉ። አቶ ወንዱ በቀለ ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ገና በሕፃንነቱ ካጡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 በልጃቸው ስም የካንሰር ሶሳይቲ አቋቋሙ፤ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና መጥተው ማደሪያ የሌላቸው ሰዎች የሚያርፉበት አንዱ ቤት ከዚያ ሐዘን የመጣ ነው።

እንግዲህ እድር። የእድርን ነገር አንሥቶ ማሞገስ ቀላል ነው፤ እኔም አሞግሳለሁ፤ ግን አንድ እንከን አለው። የተሠራው ለሞት ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ጥሪው፣ ገንዘቡ፣ ሁሉም የሚንቀሳቀሰው ሰው ሲሞት ነው። ሰው ታሞ ሲማቅቅ እድርተኛው በግሉ ይጠይቃል፤ የእድሩ ሣጥን ግን አይከፈትም። በኤች አይ ቪ ዘመን አንዳንድ የአዲስ አበባ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕመምተኛ መርዳት ጀመሩ፤ ብዙው ግን አልተለወጠም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ወደ አዲስ አበባም ሲመጣ ይህን ክፍተት ሊሞላ ነበር፤ በመንግሥት ተቋም ለሚታከም ሰው ብዙ ይረዳል። እጥበት ግን ሌላ ነገር ነው። ሐኪሞች በሳምንት ሦስት ጊዜ ይላሉ፤ ብዙ ሰው አቅሙ የሚፈቅድለት ሁለቴ ነው።

በምሥራቁ በኩል ደግሞ እድር ራሱ አዲስ ነው። ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ክፍለ ከተማ ሲሆን፣ አራብሳና የካ አባዶ ያሉት ኮንዶሚኒየሞች ከመሀል ከተማ የመጡ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች ሞልተውባቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት የተዋወቀ ጎረቤት ትቶ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን የታመመ ሰው ምን ይሆናል? ሕንፃዎቹ ሊፍት የላቸውም። አክስቴ በሳምንት ሁለቴ ወርዳ በሳምንት ሁለቴ ትወጣለች። ስትወርድ ራሷን ትችላለች፤ ስትመለስ ደም ግፊቷ ወርዶ፣ እግሯ እየተብረከረከ ነው። በፕላስቲክ ወንበር አስቀምጠው አራት ወጣቶች ይሸከሟታል። ሁለቱ ሙስሊም ናቸው፣ አንዱ የሙሉ ወንጌል ዘማሪ ነው፣ አራተኛው ምንም አላውቅም ይላል። ማን የወንበሩን የኋላ እግር እንደሚይዝ ሁሌ ይጣላሉ፤ የኋላው ከባድ ነው።

አምና የሕንፃው እድር ስብሰባ ላይ ጉዳይዋ ተነሣ። የእድሩ ዳኛ፣ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ፣ መዝገቡን ገልብጠው ገልብጠው ለታመመ የሚከፈል የሚል ዓምድ አጡ። «ምን ያህል የታመመ ነው የታመመ የሚባለው?» ብሎ የጠየቀ ነበር። «ነገ ጉንፋን የያዘው ሁሉ ይመጣል» ያለ ነበር። ሴቶቹ ተቆጡ። ሁለት ሰዓት ተጨቃጭቀው 3,000 ብር ይሰጣት ተባለ። ጸሐፊው መዝገቡ ላይ ሌላ ቦታ ስላጡ «ለቀብር ማስፈጸሚያ» በሚለው ዓምድ ሥር ስሟን ጽፈው አስፈረሟት።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ ሌላ መስመር ስለሌለን ነው» አሏት።

አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ከታመመች ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። «ይሄው ገና ሳልሞት በላሁት» አለች፤ «ለቀብሬ ደግሞ ሌላ ታዋጣላችሁ።»